ወለምታ ነው ወይስ ስብራት?

(ፈይፋ ላይ በእህቶች የመረዳጃ ስብሰባ የተደረገ ንግግር። ከቤት መውጣት ላልቻሉ እህቶች እንዲደርስ ከጥያቄዎቹ ጋር ተጽፎ ቀርቧል።)

ፈቃድ አግኝታችሁ የመጣችሁም፣ «ዳቦ ገዝቼ ልመለስ» ብላችሁ የወጣችሁም እንኳን በሰላም መጣችሁ። ማዳም ስልክ ሳትደውል እንጀምር።

የተሰጠኝ ርዕስ እግር ነው፤ ከጉልበት በታች ያለው ማለቴ ነው። አገር ቤት ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። እዚህ ግን እንደ እናንተው መጥረጊያና መወልወያ ይዤ ነው የምውለው። ስለዚህ የምነግራችሁ ሐኪም የሚሠራውን አይደለም። ሐኪም ዘንድ ከመድረሳችን በፊት፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጠን እግራችንን ይዘን ስንጮህ፣ እኛው በእጃችን ልናውቀው የምንችለውን ነው።

ፈይፋን ታውቋታላችሁ። ቤቱ ሁሉ ተራራው ጎን ላይ ተለጥፏል። ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚኬደው በድንጋይ ደረጃ ነው። እርከኑ ኮንሶን ያስታውሳል፣ ቡናውም አለ፣ ለዓይን ያምራል። ለእግር ግን አያምርም። ጭጋጉ ሲወርድና ሲያካፋ ድንጋዩ ያሟልጫል። ቤት ስንገባ ደግሞ ሴራሚኩ ላይ ውሃና ሳሙና አፍስሰን እላዩ ላይ በሽብሽብ እንሄዳለን። እንግዳ በመጣ ቀን ከወጥ ቤት መጅሊስ፣ ከመጅሊስ ጣሪያ ስንል ስንት ደረጃ እንደምንወጣ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ቀን ቆጥሬ ከአራት መቶ በኋላ ተውኩት።

«የሐበሻ እግር ጠንካራ ነው» የሚሉን አሉ። ወዲያው አበበ ቢቂላን ያነሳሉ። እውነት ነው፣ በፈረንጆች 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው፤ ያሸነፈውም ከሮሙ በተሻለ ሰዓት ነው። ይህን የሚያነሳልን የለም።

አሁን ሁላችሁም ሽብሽባችሁን አውልቁ። የምታነቡትም አውልቁ። ቀኝ እግራችሁን ግራ ጉልበታችሁ ላይ አድርጉና እጃችሁን ከጉልበት በታች ፊት ለፊት አሳርፉ። ወደ ታች ስትስቡት ስለት የመሰለ ነገር ይነካችኋል። ቅልጥም ነው። ከፊት በኩል ሥጋ የለውም፤ የለበሰው ቆዳ ብቻ ነው። የአልጋ ጠርዝ ሲመታችሁ ዓይናችሁ እንባ የሚያቀርረው ለዚህ ነው። ይህ አጥንት ሲሰበር ቆዳውን ቀድዶ ለመውጣት የሚቀለውም ለዚህ ነው። በውጭ በኩል ቀጭን ጓደኛ አለው። ክብደታችንን የሚሸከመው ትልቁ ነው፤ ቀጭኑ ቁርጭምጭሚትን ከውጭ ደግፎ ይይዛል።

ወደ ቁርጭምጭሚት ውረዱ። ግራና ቀኝ ሁለት ጉብታ አለ። የውስጠኛው የትልቁ አጥንት መጨረሻ ነው፣ የውጭው የቀጭኑ። በሁለት ጣት ያዟቸውና እዩ፤ የውጭው ትንሽ ዝቅ ይላል። ከዚያ በታች በአንድ እግር ብቻ 26 አጥንት አለ፣ በሁለቱ 52። የሰው አጥንት በሙሉ 206 ስለሆነ ሩብ ያህሉ እዚያ ታች ነው ማለት ነው። ትልቁ የተረከዝ አጥንት ነው። አውራ ጣት ሁለት አጥንት አላት፣ ሌሎቹ ሦስት ሦስት። ሌላውን ስሙን ማወቅ አያስፈልገንም።

ይህን ሁሉ አጥንት እርስ በርስ የሚያስረው ጅማት ነው። ወለምታ የሚባለው የጅማት መለጠጥ ወይም መበጠስ ነው። ደረጃ ስንስት ብዙ ጊዜ እግራችን የሚታጠፈው ወደ ውስጥ ነው፤ ውስጥ እግራችን ወደ ሌላኛው እግር ይዞራል። ያን ጊዜ የሚለጠጠው የውጭው ጅማት ነው። ከውጭው ጉብታ ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ታች ብላችሁ ጎድጎድ ያለውን ቦታ ጫኑ። ቀድማ የምትጎዳው ጅማት እዚያ ናት። ሕመሙ እዚያ ለስላሳው ቦታ ላይ ብቻ ሆኖ አጥንቱ ሲጫን የማያም ከሆነ ወደ ወለምታው ያደላል።

እብጠቱ ግን አያታልላችሁ። ወለምታ ከስብራት በላይ ሊያብጥ ይችላል፣ ሊጠቁርም ይችላል። «ጣቷን ታንቀሳቅስ የለም እንዴ፣ አልተሰበረችም» የሚሉት ፍርድ ደግሞ አለ። እሱ ነው የሚያናድደኝ። ጣትን የሚጎትተው ጡንቻ ያለው በአብዛኛው ባትና ቅልጥም አካባቢ ነው፤ ጅማቱ ብቻ ነው ወደ ታች የሚወርደው። ቁርጭምጭሚት ተሰብሮም ጣት ይንቀሳቀሳል።

ታዲያ በምን እንለየው? ካናዳ ውስጥ ኦታዋ የሚሠሩ ሐኪሞች በ1992 ያወጡት መንገድ አለ። ዛሬ በብዙ አገር የድንገተኛ ክፍሎች ይጠቀሙበታል። ማሽን አይፈልግም፣ አውራ ጣታችሁ ይበቃል።

መጀመሪያ መራመዷን ጠይቁ። እንደወደቀች አራት እርምጃ መሄድ ችላ ነበር? አሁንስ? እያነከሰችም ቢሆን መሄድ ነው። ያን ጊዜም አሁንም ካልቻለች ራጅ ያስፈልጋታል።

ከዚያ አጥንቱን ጫኑ። ቁርጭምጭሚቷ ያመማት ከሆነ ከሁለቱ ጉብታዎች የየአንዳንዱን ጫፍ፣ ከዚያም ከጫፉ ጀምራችሁ የኋላ ጠርዙን ይዛችሁ ወደ ላይ 6 ሳንቲሜትር፣ ሦስት ጣት ያህል። መሐል እግሯን ያመማት ከሆነ ደግሞ ሁለት ቦታ ፈልጉ። አንደኛው በውጭ በኩል ነው፤ ከትንሿ ጣት ተነስታችሁ ጠርዙን ይዛችሁ ወደ ተረከዝ ስትሄዱ እኩሌታው ላይ ጉብ ያለ አጥንት ይነካችኋል። ሁለተኛው በውስጥ በኩል ከጉብታው ፊት ዝቅ ብሎ ያለው ነው። እግር ሲታጠፍ የውጭኛዋ ብዙ ጊዜ ትሰበራለች፤ ሰው ግን ቁርጭምጭሚት ቁርጭምጭሚቱን ብቻ እያየ ያልፋታል። ከእነዚህ አንዱ ቦታ ላይ አጥንቱ ሲጫን ከጮኸች ራጅ ትነሣ። አንዱም ካላመማት፣ መራመድም ከቻለች፣ ስብራት የመሆኑ ነገር በጣም ጠባብ ነው።

ይህ መንገድ የማይሠራላቸው አሉ። ሱክር ያለባትና እግሯ የደነዘዘባት ሴት ተሰብራም ላታምማት ትችላለች። ራሷን የተመታችና ግራ የገባትም እንዲሁ። እግሩ የተጣመመ ወይም አጥንት የታየበት ከሆነ ደግሞ ምንም መጫን፣ ምንም መጠየቅ የለም። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ አባቶች። ለአፍ የተነገረ ነው፣ ግን የእግሩ ወለምታ በቅቤ እንደሚታሽ ሁላችንም አምነን አድገናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ግን የእግሩም አይታሽም። ማሸት ውስጥ ያለውን ደም ይጨምራል፣ ስብራት ካለም ያነቃንቀዋል።

ከማሸቱ የሚብሰው ማሰሩ ነው። አንዲት እህታችን ነበረች፤ አሁን አገሯ ገብታለች፣ ታሪኩን እንድነግራችሁ የፈቀደችው እሷ ናት። ከጓሮ ደረጃ ወድቃ ቅልጥሟን ተመታች። ማዳሟ «ማ ፊ ሸይ» ብላ ፓናዶል ሰጠቻት። ማታ በአጥር በኩል ያገሯ ልጅ፣ ወጌሻ ነኝ የሚል፣ መጣ። ጎትቶ «አስተካከለው»፤ በካርቶንና በሻሽ ጠፍሮ አሰረው። ሌሊቱን ስትጮህ «አጥንቱ እየገጠመ ነው» አሏት። ጠዋት ጣቶቿ ደንዝዘው ስለነበር ሕመሙ የተሻላት መሰላት። ማሰሪያው የተፈታው በሦስተኛው ቀን ነው። እግሯ ተረፈ፤ ግን መርገጫዋ ወደ ላይ አልነሣ ብሎ እስከ ዛሬ ጣቷን መሬት ለመሬት እየጎተተች ነው የምትሄደው።

ምን ሆኖ ነው? ከጉልበት በታች ያለው ጡንቻ በአራት ከረጢት ተከፍሎ ነው የተቀመጠው። ከረጢቱ ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም። ስብራት ወይም ከባድ ምት ውስጡን ሲያደማና ሲያሳብጥ ግፊቱ መውጫ ያጣል፤ ደም ሥሮችን ያንቃል። ከላይ ደግሞ ጥብቅ ማሰሪያ ሲታከልበት አስቡት። ጡንቻና ነርቭ ደም አጥተው የሚቆዩት በቀን የሚቆጠር አይደለም፤ 6 ሰዓት ያህል ካለፈ የማይመለስ ጉዳት ይጀምራል። በአገራችን ሆስፒታሎች በጠበቀ ማሰሪያ ሰበብ እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች፣ በተለይ ልጆች፣ ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉበት ጉዳይ ነው። ስብራቱ ቀላል ሆኖ ማሰሪያው ነው የሚያስቆርጠው።

ወጌሻን መስደቤ አይደለም። ሐኪም በሌለበት አገር ስንቱን ያቆመው እሱ ነው፤ እስከ ዛሬም የኳስ ቡድን ሐኪሙን ወጌሻ ብለን ነው የምንጠራው። ግን ራጅ ሳይነሣ አይጎትት፣ አጥብቆ አይሰር። ይህን ሁለት ነገር በትሕትና መከልከል እንችላለን።

ምልክቶቹን በደንብ ያዙልኝ። ሕመሙ ከጉዳቱ በላይ ነው፤ በፓናዶል አይቀንስም፣ በሰዓታት ውስጥ እየጨመረ ይሄዳል። ሌላ ሰው ጣቶቿን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲስብላት ባቷ ወይም ቅልጥሟ ይነድዳል። ቆዳው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ጣቶቿ መደንዘዝ ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ ማንኛውንም ማሰሪያ፣ ካልሲም ቢሆን፣ መጀመሪያ ፍቱ። ከዚያ እየመሸም ቢሆን ሆስፒታል ነው። የጣቷን ጥፍር ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀላ ማለት አለበት። የደም ትርታዋንም ከመርገጫዋ ላይ በአውራ ጣትና በሁለተኛዋ ጣት መሐል ወደ ላይ ስትሉ፣ ወይም ከውስጠኛው ጉብታ ኋላ ታገኙታላችሁ። ግን አንድ ነገር፦ ትርታው አለ ብላችሁ አትዘናጉ። የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው።

ለመጓዝ ማሰር ግድ ከሆነ ካርቶኑን ፎጣ አልብሱት። ከተሰበረው ቦታ በላይና በታች እሰሩ እንጂ እላዩ ላይ አትሰሩ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፤ የእግር ጣቶቿ ይታዩ። በየሩብ ሰዓቱ እዩዋት፤ ከተራራው የሚወርደው መንገድ ጥምዝምዝ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ፈይፋ አጠቃላይ ሆስፒታል እዚሁ ላይ አለን።

የቀላሉ ወለምታ ሕክምና ግን ቤት ውስጥ ነው። በረዶ፣ ወይም ፍሪዘር ውስጥ ያለውን የአተር ላስቲክ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ 15 ወይም 20 ደቂቃ አሳርፉበት፤ ደጋግሙት። በረዶው በቀጥታ ቆዳ አይንካ። እግሩ ከልብ ከፍ ብሎ በትራስ ላይ ይቀመጥ። ተለጣጭ ፋሻ ካለ ላላ አድርጉት።

አሁን ፊታችሁ ላይ የማየው ሳቅ ይገባኛል። ማን ነው የሚያስተኛን? ለዚህ እኔ ያዋጣኝ መንገድ «ሥራ አልሠራም» ሳይሆን «ተቀምጬ የሚሠራውን ልሥራ» ማለት ነው። ሽንኩርት መላጥ፣ ሩዝ መልቀም፣ ልብስ ማጠፍ፣ በወንበር ተቀምጦ መተኮስ። ሌላ እግር ማስቀመጫ ወንበር ከሥር። የቤት ሠራተኞች ደንብ የሕመም ፈቃድ አለው፤ የሚሰጠው ግን በሐኪም ወረቀት ነው። ስለዚህ ሆስፒታል የሄደች ሁሉ ወረቀቷን ይዛ ትውጣ፤ ፎቶም አንስታ ለአንድ ጓደኛዋ ትላክ።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እግሩን ማንቀሳቀስ ይጀመራል። ተቀምጣችሁ በአውራ ጣታችሁ አየር ላይ ፊደል ጻፉ። ሀ ሁ ሂ እያላችሁ እስከ ፐ ድረስ። ስትጀምሩ ለ ላይ ትደክማላችሁ። ሲሻላችሁ ዕቃ ስታጥቡ ገንዳውን ይዛችሁ በአንድ እግር ቁሙ። ይህን የምታደርግ ጥቂት ናት፤ ለዚህ ነው አንዴ የዞረ ቁርጭምጭሚት በየወሩ የሚዞረው። ጅማቱ ቢድንም ሚዛኑን ረስቷል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ተረከዝን እንደ ሚስማር የምትወጋ፣ ከዚያ ትንሽ የምትለቅ ከሆነ የውስጥ እግር ወፍራም ጅማት ቁጣ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ በስስ ሽብሽብ መዋል ያመጣዋል። ውሃ ሞልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ጠርሙስ በውስጥ እግራችሁ አንከባሉ፣ ባታችሁን ዘርጉ። ወራት ይፈጃል፣ ግን ይድናል።

ደረጃ ስትወጡ ከኋላ ሰው በድንጋይ የመታችሁ መስሏችሁ ዞር ስትሉ ማንም ከሌለ፣ የተረከዝ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በሆዷ ትተኛና እግሯ ከአልጋው ጫፍ ይውጣ። ባቷን ጨምቁ። በጤናው እግር መርገጫው ወደ ታች ይገፋል። በተበጠሰው ዝም ይላል። ይህ ቤት የሚድን አይደለም።

ከከፍታ የወደቀች፣ ከእርከንም ሆነ ከመስኮት፣ በተረከዟ ካረፈች አትቁም። «ተነሺ፣ ሞክሪ» አትበሏት። ኃይሉ በተረከዝ ገብቶ ወገብ ድረስ ይሄዳል፤ ተረከዝ ሲሰበር የጀርባ አጥንትም አብሮ የሚሰበርበት ጊዜ አለ። እንዳለች ትተኛና 997 ይደወል።

ያልተመታ እግር፣ አንዱ ባት ብቻ ያበጠ፣ የሞቀና የሚያም ከሆነ የደም መርጋት ይጠረጠራል፤ በተለይ በጀሶ የከረመች፣ አልጋ ላይ የቆየች፣ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ። ይህን ባት ማሸት አደገኛ ነው። የረጋው ደም ሳንባ ከገባ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይወጋል። አሁንም 997።

በየመን በኩል በእግራችሁ ለመጣችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በፈረንጆች ነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ በዚህ ድንበር በጥይትና በፈንጂ ስለተገደሉ፣ እግራቸውን ስላጡ ኢትዮጵያውያን ጽፏል። መንገዱን ያለፋችሁት ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ እግራችሁ ውስጥ ዛሬም ስብርባሪ ብረት አለ። የዳነ ቁስል ከዓመት በኋላ ተከፍቶ መግል ካወጣ አጥንቱ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ በቅባት አይድንም። ኤም አር አይ የሚባል ምርመራ ካዘዙላችሁ ደግሞ ብረት እንዳለ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ መሣሪያው ብረት ይስባል።

ኢቃማ የሌላችሁ ሆስፒታል መሄድ እንደምትፈሩ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልላችሁም። ግን ለየትኛው እግር መታገሥ እንደሚቻልና ለየትኛው እንደማይቻል መለየት የምታስፈልገው ከሁላችን በላይ ለእናንተ ናት። በወለምታ ቤት መቆየት ይቻላል። በሚደነዝዝ እግር አይቻልም። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ደውሉልን፣ ቋንቋ የምታውቅ አንዷ አብራችሁ ትሄዳለች።

ቋንቋው ለከበዳችሁ እነዚህን በወረቀት ጻፉና ስልካችሁ ሽፋን ውስጥ አስቀምጡ። ወደቅሁ፦ «ጡሕት»። እግሬን ያመኛል፦ «ሪጅሊ ትውጀዕኒ»። መራመድ አልችልም፦ «ማ አግደር አምሺ»። ጣቶቼ አይሰሙኝም፦ «ማ አሒስ በአሳቢዕ ሪጅሊ»። ራጅ እፈልጋለሁ፦ «አብጋ አሺዓ»። ማሰሪያውን ፍቱልኝ፦ «ፉክ አሩባጥ»። የመጨረሻዋን ደጋግማችሁ ተለማመዱ። አምቡላንስ 997 ነው። ምክር ለመጠየቅ የጤና ሚኒስቴር 937 አለ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን እዚህ ላስገባ። አንዷ «ሙቅ ውሃና ጨውስ?» አለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀት እብጠት ይጨምራል፤ ከሳምንት በኋላ የደረቀ እግር ለማፍታታት ሙቅ ውሃ ጥሩ ነው። ጨዉ ምንም አያደርግም፣ አይጎዳምም። ሌላዋ «ማዳም ቤት ውስጥ ጫማ ከለከለችኝ፣ መታጠቢያ ቤት ሳጥብ በባዶ እግሬ ነው» አለች። ለቤት ብቻ የሚሆን፣ ከኋላ ማሰሪያ ያለው፣ ሶሉ ጥርስ ያለው የጎማ ጫማ ግዢና ከነፕላስቲኩ አሳያት፤ ውጭ ረግጦ እንደማያውቅ ስታይ ብዙ ማዳሞች እሺ ይላሉ። እምቢ ካለችሽ ሳሙናውን ከማፍሰስሽ በፊት ደረቅ ፎጣ በሩ ላይ አንጥፊ፤ ከውስጥ ወደ በሩ እያጠብሽ ውጪ እንጂ ከበሩ ወደ ውስጥ እያጠብሽ አትግቢ።